እንደ ሰው መሸነፍ

ደብረ ብርሃን ላይ የቃጭል ኳስ፣ ማየት የተሳነው ሰው በጆሮው የሚከተለውን ኳስ፣ የሚጫወት ሰው ሰዓቱን የሚያሰላው በነፋሱ ነው። ጠዋት ውርጩ ለቀቅ ሲያደርግና ፀሐይዋ ጀርባ ማሞቅ ስትጀምር አየሩ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል። ረፋድ ላይ ግን ያ ሁላችን የምናውቀው ነፋስ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ይነሳና የሜዳውን ድምፅ ሁሉ ጠራርጎ ይወስደዋል። ነጠላ የሚገፍ፣ ዓይን ውስጥ አቧራ የሚሞጅር ነገር ነው ብለን የምናማርረው ነፋስ፣ ኳስን በጆሮው ለሚከተል ልጅ ጣርማ በር ላይ ድንገት እንደሚወርድ ጉም ነው፤ መንገዱ አለ፣ መኪናው አለ፣ የፊት ለፊቱ ግን የለም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ቅዳሜ ጠዋት የሚያረፍድ በጎ ፈቃደኛ አይወደድም።

«እኛ ዘንድ» ስል ድርጅት እንዳይመስላችሁ። ማኅተም የለንም፣ ቢሮ የለንም፤ ሜዳውም የሰፈር ልጆች ለኳስ እስኪፈልጉት ድረስ የምንዋሰው ነው። ነገሩን የጀመረው አንድ የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ ነው። ሥራ እየፈለገ ሳለ፣ ጎረቤቱ የሆነ ማየት የተሳነው ተማሪ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የክፍል ጓደኞቹን ሹራብና ደብተር እንደሚጠብቅ ሰማ። ይህ አበሳጨው። እኔ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት የመጣው በንዴቱ ማግስት በእጁ የጻፈውን ማስታወቂያ ሊያባዛ ነው። አካል ጉዳተኞችና ጉዳት የሌለባቸው አብረው የሚጫወቱበት ቅዳሜ ስለመጀመሩ ይናገርና ከታች በትንንሽ ፊደል «መሮጥ የሚችል ሰውም ይፈለጋል» ይላል። ተማሪ እያለሁ እሮጥ ነበር። (እዚህ ከተማ ያልሮጠ ማን አለ? ብርዱ ራሱ ያስሮጣል።) አንዱን ኮፒ ለራሴ አስቀረሁ።

ሜዳው ላይ በቅድሚያ የሚሰማው ጫጫታው ነው። በክራንች የሚሮጡ ልጆች፣ ዊልቸር የሚገፉ እናቶች፣ ኳስ ከያዘ ለማንም የማያቀብል ዳውን ሲንድረም ያለበት ጎረምሳ፣ መስማት የተሳናቸው ጓደኛሞች፣ ምንም ጉዳት የሌለባቸው የሰፈር ውሪዎች፣ ሁሉም አንድ ቦታ። ዳኛው ፊሽካም ቀይ ጨርቅም ይይዛል፤ ፊሽካው ለሚሰሙት፣ ጨርቁ ለማይሰሙት። ግራ የሚያጋባው ማየት የተሳናት ልጅና መስማት የተሳነው ልጅ አንድ ቡድን ውስጥ ሲገቡ ነው። እሱ በእጁ ቢያመለክታት አታየውም፤ እሷ ብትጣራ አይሰማትም። አሠልጣኛችን የሆነው ያ ምሩቅ ሊለያያቸው ሲያስብ እነሱ ሳያማክሩን ዘዴያቸውን ጨርሰው ነበር። ትከሻ አንዴ ከተመታ ኳሱ በቀኝ ነው፣ ሁለቴ ከተመታ በግራ፣ መዳፍ ከተጨበጠ «ቁሚ» ነው። አሁን እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ማሰለፍ ተቃራኒውን ቡድን መበደል ነው ተብሎ ክርክር ይነሳል።

ኳሷ የራሷ ታሪክ አላት። ማየት ለተሳናቸው ተብሎ የተፈጠረው ጎልቦል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች። ሦስት ለሦስት ሆነው በ18 ሜትር በ9 ሜትር ሜዳ ላይ ይጫወቱታል። ጭላንጭል የሚያይም ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ የማያይም ቢሆን፣ ሁሉም ዓይኑን ይሸፍናል፤ ማንም በዓይኑ አይበልጥም። ደንበኛው ኳስ 1.25 ኪሎ ይመዝናል፣ ውስጡም ቃጭል አለው። እንዲህ ያለ ኳስ ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። የእኛን የሠራልን ከተጫዋቾቻችን አንዱ የሆነው ጫማ ጠጋኝ ነው። ያረጀ ኳስ ቀዶ ከመነዳሪውን አወጣ፣ ትንሽ የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ቃጭልና ቆርኪ ከትቶ መሐሉ ላይ አስቀመጠ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ጠቀጠቀና በጫማ ክር መልሶ ሰፋው። ብዙም አትነጥርም፤ ስትንከባለል ግን ትሰማለች። ጨዋታው የሚፈልገው ሌላው ነገር ዝም የሚል ተመልካች ነው። እሱን እስካሁን አላገኘንም። ሐበሻን ኳስ ሜዳ ዳር አስቀምጦ ዝም በል ማለት ዘበት ነው።

ጫማ ጠጋኙን ላስተዋውቃችሁ። በልጅነቱ ፖሊዮ ሁለቱንም እግሮቹን አልሞባቸዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ በክራንች ስለሄደ ግን ትከሻና ክንዱ የሌላ ሰው ይመስላል። ተቀምጦ የሚጫወቱት መረብ ኳስ የእሱ ግዛት ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ኳሱን ስትመታ መቀመጫህ ከመሬት መነሳት የለበትም። መረቡ በዓለም አቀፉ ሕግ ለወንዶች 1.15 ሜትር፣ ለሴቶች 1.05 ሜትር ከፍታ አለው። የእኛ መረብ ሁለት ባሕር ዛፍ ላይ የታሰረ ገመድ ነው። መሬቱ ብርድ ስለሆነ ጆንያ እናነጥፋለን፤ ከመንዝ የመጣ አንድ ልጅ አንዴ ከቤቱ ባና አምጥቶ አንጥፎ እናቱ ሜዳ ድረስ መጥተው ወስደውታል።

አንድ ቅዳሜ ቁመታቸው መለሎ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጡ። መረብ ኳስ እንጫወታለን አሉና ተቀመጡ። ከተቀመጡ በኋላ የእግራቸው ነገር ቸገራቸው፤ ቢያጥፉት ይደነዝዛል፣ ቢዘረጉት የቡድናቸውን ሰው ይጠልፋል፤ ኳስ በመጣ ቁጥር ለመነሳት ይቃጣቸዋል። ጫማ ጠጋኙ በሁለት እጁ መሬቱን እየገፋ ከዳር ዳር ሲንሸራተት እነሱ አንገታቸውን ብቻ ያዞራሉ። በጨዋታው መካከል አንዱ «ጋሼ፣ እግራችንን ምን እናድርገው?» ብሎ ጠየቀው። «ስለ እግር እኔንም አትጠይቁኝ» አላቸው፤ «ያልተጠቀምኩበትን ዕቃ ምን ብዬ ልምከራችሁ።» ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አንድም ዙር ሳያገኙ ሄዱ፤ በሳምንቱ ተለማምደው መጡና አሁንም ተሸነፉ። ያን ቀን ግን አንዱን ዙር ለጥቂት ነበር ያጡት፤ ጫማ ጠጋኙም ላብ በላብ ሆኖ ነበር የወጣው።

ስለዚህ ሰውዬ ካነሳሁ የብሩን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጨዋታው ጦፎ እያለ አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሜዳው ዳር ያልፋሉ። ቆም ብለው አዩ፣ አማተቡ፣ ከዚያ ቀጥ ብለው ሜዳ ውስጥ ገቡና ጫማ ጠጋኙ ጭን ላይ የታጠፈ አሥር ብር አስቀመጡ። ኳሱ በአየር ላይ ነበር። ሁላችንም ደነገጥን። እሱ ግን ብሩን አንስቶ ግንባሩን አስነካና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። ትኬት ቆርጠዋልና ቁጭ ብለው ይመልከቱ» አላቸው። አዛውንቱ እውነትም ተቀመጡ። ጨዋታው እስኪያልቅ አልተነሱም፤ መጨረሻ ላይ የዳኛውን ውሳኔ ሲቃወሙ የሁላችንንም ድምፅ ይበልጡ ነበር። በኋላ በሌላ ቅዳሜ ሲመጡ ለማንም ብር አልሰጡም፤ ለሁሉም ቆሎ ይዘው መጡ።

አዛውንቱን ማንም አልተቀየማቸውም። ክራንች ያየ ሰው እጁ ወደ ኪሱ የሚሄደው በክፋት አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዕድሜ ልክ ያየነው ነገር ነው። እኔን የሚከብደኝ ሌላው ዓይነት ምጽዋት ነው፤ በጨዋታ ውስጥ የሚሰጠው። በየዓመቱ ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን በዓለም ይከበራል፤ በዚያ ሰሞን ሜዳችን እንግዳ አያጣም። ቲሸርት ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። እንዲህ ባለ ቀን አንድ የተከበሩ እንግዳ በረኛ ሆነው ጎል ላይ ቆሙና ማየት የተሳነው ልጅ ቅጣት ምት እንዲመታ ተደረገ። ያ ሹራብ ጠባቂ የነበረው ልጅ ነው። መታ። ኳሷ እየተንቃጨለች ከእንግዳው እግር አጠገብ ገባች። ጭብጨባ፣ እልልታ። ልጁ ግን ፊቱ ጠቆረ። «አልተንቀሳቀሰም» አለኝ። «እግሩን እንኳ አላነሳም፤ ሰምቻለሁ።»

«ጎል ነው እኮ» አልኩት።

«የማን ጎል?»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የሰፈሩን በረኛ አስጠራ። ይህ በረኛ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ርኅራኄ የሚባል ነገር ጨርሶ አልፈጠረበትም። ማየት ለተሳነውም፣ ለባለ ክራንችም፣ ለገዛ ታናሽ እህቱም አንድ ጎል አያስገባም፤ ከያዘ በኋላ ደግሞ ይሳለቃል። ያን ቀን ልጁ ደጋግሞ መታ፤ በረኛው ደጋግሞ ያዘ። ሁለቱ እየተሰዳደቡ መሸባቸው። አሠልጣኙ ከበጎ ፈቃደኞች ሁሉ የሚተማመንበት እሱን ነው፤ እኔም እስማማለሁ።

ሰው የመሸነፍ መብት አለው ብል ትስቁ ይሆናል። ግን አስቡት፤ ሲሸነፍ አይታችሁት የማታውቁት ሰው ተጫውቶ አያውቅም ማለት ነው። ከዓመት ዓመት «ጎበዝ! ጎበዝ!» እየተባለ የሚያድግ፣ ጥያቄ ቢሳሳትም የሚጨበጨብለት፣ ሰው ሁሉ መንገድ የሚለቅለት ልጅ ምን ያህል እንደሚችል በምን ይወቀው? የሜዳው ሕግ ለሁሉም እንዲሆን ተደርጎ ይስተካከላል፤ ኳስ ቃጭል ይገባበታል፣ መረብ ዝቅ ይላል፣ ዳኛ ጨርቅ ይይዛል። ሕጉ ከተስተካከለ በኋላ ግን ጨዋታው ጨዋታ ነው፤ ርኅራኄህን ከሹራብህ ጋር አውልቀህ ዳር አስቀምጥ። ለአዲስ መጪዎች አሠልጣኙ የሚላቸው ይህንኑ ነው፤ ትንሽ ቆጣ ብሎ።

ርኅራኄ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ከቤት እስከ ሜዳ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ጉልበት ያለው ርኅራኄ። የበጎ ፈቃደኛው ሥራ አብዛኛው እዚያ ነው የሚያልቀው። ጠባሴ በኩል ያለች አንዲት ልጅ ዊልቸሯ በኮብልስቶኑ ላይ ሲገፋ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ሜዳ ስትደርስ ግማሽ ጉልበቷ አልቆ ነው። ለክራንች ደግሞ የድንጋዮቹ መሐል ወጥመድ ነው፤ ክረምት ሲመጣና ጭቃው ሲጨመርበትማ አይወራም። ባጃጅ አለ ትሉኝ ይሆናል። ባጃጅ ዊልቸር ሲያይ ይፈጥናል። ከቆመም ለልጅቷ የአንድ ሰው፣ ለዊልቸሩ የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል። ዊልቸሩ ሰው ከሆነ ወንበር ላይ ለምን እንደማይቀመጥ የጠየቀው ጫማ ጠጋኙ ነው፤ መልስ አላገኘም። ከአንድ ሹፌር ጋር ግን ተግባባን፤ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ቤት እየዞረ ያመጣልናል፤ እሱ ራሱም እየቆየ በረኛ መሆን ጀምሯል።

ሕጉማ አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች በስፖርትና በመዝናኛ ከሌላው ሰው ጋር እኩል እንዲሳተፉ መንግሥታት እርምጃ ይውሰዱ ይላል። የሕንፃ አዋጁም፣ ቁጥር 624/2001፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዟል። እነዚህን አንቀጾች ስንቴ ኮፒ አድርጌያለሁ መሰላችሁ፤ ለዐውደ ጥናት። አውደ ጥናቱ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለውም።

ከመንገዱ በፊት ደግሞ የቤቱ በር አለ። እኔ የምሮጥላት ልጅ፣ «የምሮጥላት» ስል ትቆጣኛለች፣ አብሬያት የምሮጠው ልጅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ማየት ያቆመችው በሕፃንነቷ ነው። እናቷ ያልወሰዷት ጠበል የለም፤ ሸንኮራ ዮሐንስ ከርመዋል፣ ጻድቃኔ ማርያምማ እንደ ሁለተኛ ቤታቸው ነው። ልጅቷን ልናስፈቅድ ስንሄድ ቡና አፍልተው በክብር ተቀበሉን፤ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ «አይሆንም» አሉን።

«እትዬ፣ እኔ አጠገቧ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ብትወድቅስ? እኔ ይቺን ልጅ እንቅፋት ሳይነካት ነው ያሳደግኋት።»

ልጅቷ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። «እማ፣ ሌላው ሰው አይወድቅም?» አለች።

መልስ አልነበራቸውም፤ ፈቃድም ግን አልሰጡም። ሦስተኛው ስኒ ላይ ሌላ ጭንቀታቸውን አወጡት፤ ስፖርት ከጀመረች ጠበሉን ትተዋለች ብለው ፈርተው ኖሯል። አሠልጣኙ ዲያቆን ነበርና ይህ የእሱ ሜዳ ሆነ። በዓል በሚውልበት ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ትቀድማለች፤ ጠበል የምትሄድበትን ሰሞን እናቷ ይወስናሉ፤ ሌላው ቀን የእኛ ነው። በዚህ ተስማማን። እስከ ዛሬ ውሉ አልፈረሰም። ስትወድቅ ደግሞ ወደቀች፤ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጉልበቷ ተላጠ። እናቷ ቁስሉን በሞቀ ውኃ እያጠቡ ያሉትን አልጽፈውም። በሳምንቱ ግን ራሳቸው ይዘዋት መጡ፤ ወድቃ መነሳቷን በዓይናቸው ሊያዩ ይመስለኛል።

መሪ ሯጭነት ከውጭ ሲታይ እጅ ይዞ መሮጥ ይመስላል። የያዝነው እጅ ሳይሆን ገመድ ነው፤ ሁለት ጫፉ የተቋጠረ የጫማ ክር፣ አንዱ ቋጠሮ በእሷ ጣቶች፣ አንዱ በእኔ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ መሪው ሯጩን መጎተት አይችልም፣ የመጨረሻውን መስመርም ቀድሞት አያልፍም። ክንዶቻችን እኩል መወዛወዝ አለባቸው፤ እርምጃዋ አጭር ስለሆነ የእኔን ማሳጠር ነበረብኝ። ከዚያ በላይ አስቸጋሪው አፍ ነው። እዚህ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ እየሮጡ ማውራት ትንፋሽን ከኪስ አውጥቶ መስጠት ነው። ስለዚህ ቃል ይቆጠባል። «ቀኝ።» «ጉድጓድ፣ ዝለይ።» «ሰው።» «በግ።» በግ ከሁሉም ይከፋል፤ ሰው ቢያንስ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ቀጥ ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ ወሬ ትፈልጋለች። ፎቶ ኮፒ ቤት የሰማሁትን፣ የማን ልጅ የማንን ሠርግ እንደጠራ፣ የየትኛው ትምህርት ቤት ፈተና ስንት ገጽ እንደሆነ (ጥያቄውን ግን አልነግራትም፤ ጠይቃኛለች)።

በነሐሴ 2016 የፓሪስ ፓራሊምፒክ ጊዜ ስልኬ ላይ ሆነን ተከታተልን፤ እኔ እያየሁ፣ እሷ እየሰማች። ትዕግስት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ በነሐሴ 2013 ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችበትን 1500 ሜትር ፓሪስ ላይ ደገመችው። ከዚያ የያየሽ ጌቴ ተራ መጣ፤ ሙሉ በሙሉ ማየት የተሳናቸው ሴቶች የሚሮጡበት 1500 ሜትር። ዓይን ተሸፍኖ፣ ከመሪ ሯጭ ጋር በገመድ ተያይዞ የሚሮጥ ነው፤ ከ4 ደቂቃ ተኩል በታች ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። የእኔዋ ልጅ ወርቁን ሰምታ ጮኸች፤ ወዲያው ግን «ያሮጣት ማነው?» አለች። ክንዱ ሲሳይ እንደሚባል ነገርኳት። እንዲህ ባለ ውድድር መሪውም ሜዳሊያ እንደሚጠለቅለት ስነግራት ትንሽ አሰበችና «እንግዲህ ወፈር ብለሻል፤ ቀንሺ» አለችኝ።

ሌላው የምነግራችሁ ልጅ ዝምተኛው ነው። በጦርነቱ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣ ወጣት፤ ከዚያ በፊት ኳስ ተጫዋች ነበር። ቤተሰቡ ሜዳ አምጥተውት ለብዙ ሳምንት ዳር ተቀምጦ ያያል፤ ኳስ ወደ እሱ ብትንከባለል እንኳ በክራንቹ አይነካትም። «የኔ ስፖርት አልቋል» ይላል ሲናገር፤ የሚናገረውም ይህንኑ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጫማ ጠጋኙ አጠገቡ ተቀምጦ ስለ አበበ ቢቂላ ጠየቀው። አበበን የማያውቅ የለም፤ የተወለደባት ጃቶም ከዚህ ሩቅ አይደለችም፣ በመንዲዳ በኩል ናት። ልጁም እንደ ሁላችን ሮምን ያውቃል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ባዶ እግር፣ ወርቅ። ጫማ ጠጋኙ ግን የነገረው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አበበ በሮጠ በስምንተኛው ቀን እዚያው ሮም ላይ፣ ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው የመጀመሪያው ውድድር ተከፈተ፤ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ስፖርተኞች ነበሩ። ያን ጊዜ አበበ ከነሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በመጋቢት 1961 መኪናው ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳ፤ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በጦርነት የተጎዱ 16 ሰዎችን በዊልቸር አስቀምጦ የቀስት ውድድር ያካሄደበት፣ የፓራሊምፒክ ሁሉ መነሻ የሆነ ቦታ ነው። አበበ መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። እየቆየ እጆቹ ተመለሱ። በተመለሱት እጆች ቀስት ወረወረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ፤ በ1963 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ 25 ኪሎ ሜትር በውሻ የሚጎተት ጋሪ ነድቶ አንደኛ ወጣ።

«አበበ? በውሻ?» አለ ልጁ።

«በውሻ» አለ ጫማ ጠጋኙ። «አንተ ደግሞ እጅህ ደህና ነው፤ ውሻም ሰፈሩ ሞልቷል።»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማነው። በዚያው ቀን ተነስቶ አልተጫወተም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ወሬ አይሆንም። ከወር በላይ ቆይቶ ነው መረብ ኳሱ ላይ የአንዱን ቦታ የጠየቀው። አሁን የጫማ ጠጋኙ ዋና ባላንጣ ነው። ሲሸነፍ ክራንቹን ይወረውራል፤ ዳኛው ቀይ ጨርቅ ያሳየዋል።

የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ብዙ ናቸው፤ የሚቆዩ ጥቂት። አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን ያለቅሳል። አለቀሰ ብዬ አልፈርድበትም፤ ግን ሁለተኛ ቅዳሜ የማይመጣው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ይመጣል፤ ፎቶ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ አይነሳም ስንለው ሥራው ያለቀበት ይመስላል። የሚቆዩት የተለየ ጠባይ አላቸው፤ ጨዋታ ይወዳሉ፣ መሸነፍ ያናድዳቸዋል፣ ዊልቸር ከመግፋታቸው በፊት «ልግፋ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሰፈር እናቶች ደግሞ ሳይጠየቁ የሚቆዩ ናቸው፤ ዝናብ ያባረረን ቀን ግቢያቸውን ከፍተው በሶ በጥብጠው ሲያጠጡን በጎ ፈቃደኛ መሆናቸውን አያውቁትም። መንገድ ተዘግቶ ከተማው ሁሉ ቤቱ በሚከተትባቸው ሳምንታት ሜዳው ባዶ ይውላል፤ ሲከፈት መጀመሪያ የሚደርሰው ያ በረኛ ነው።

የእኔዋ ልጅ እየፈጠነች መጣች። መጀመሪያ ዙሩን ስንጨርስ ወሬዬን እጨርስ ነበር፤ ከዚያ ግማሹን ብቻ፤ ከዚያ «ቀኝ» እና «በግ» ብቻ ቀሩኝ። መሪ ሯጭ ከሚመራው ሰው ተርፎ የሚያወራበት ትንፋሽ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው ሸክም ነው። እሷ በትሕትና ምንም አላለችም፤ ትሕትና ደግሞ አይሆንላትም፤ ዝም ያለችው አዝናልኝ እንደሆነ ገባኝ። ያን ጊዜ ነው አሠልጣኙን ሌላ ሰው ፈልግ ያልኩት። በየማለዳው ጋራ ላይ የምትለማመድ አንዲት ወጣት ሯጭ ተገኘች፤ ፈጣን፣ ዝምተኛ፣ ጉድጓድ ሲመጣ «ጉድጓድ» ከማለት በስተቀር ቃል የማይወጣት። እኔ አሁን ሰዓት ያዥ ነኝ። ልጅቷ «አታወራም እኮ» ብላ ስታማርር፣ አንቺ ወሬ ነው ወይስ ሩጫ የምትፈልጊው እላታለሁ።

በቅርቡ ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር ትምህርት ቤት ውስጥ 1500 ሜትር ሮጡ። ማንም አላሳለፋቸውም። አንዲት ልጅ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ በክርን ገፋ አድርጋቸው ሁሉ አልፋለች፤ መሪዋ ተቆጣች፣ ልጅቷ ግን ደስ ያላት መሰለኝ። ከኋላ ሁለተኛ ሆነው ገቡ። እናቷ ሜዳው ዳር ቆመው «እንኳን ደህና ገባሽ የኔ ጌታ» እያሉ ሲያቅፏት በእጇ ገፋ አድርጋቸው ወደ እኔ ድምፅ ዞረች።

«ከፊታችን የገባችው ማናት?»

ነገርኳት፤ በክርን የገፋቻት ናት።

«በስንት ቀደመችኝ?»

«በአራት ሰከንድ።»

ትንሽ ተነፈሰች። «ስንተኛው ዙር ላይ ነው የቀዘቀዝነው? ሦስተኛው ላይ አይደል?»

ስልኬን አየሁ። ሦስተኛው ላይ ነበር።

«ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ሰዓትሽን ይዘሽ ነይ» አለች፤ ከዚያ ገመዱን ገና ከጣቷ ሳታወልቅ መሪዋን ስለ ሦስተኛው ዙር መነዝነዝ ጀመረች።